ያለ ውሃ የተነሳ ሞተር

እኔ ጠርጣራ ነኝ። ምን ይጠበስ? ዕድሜዋን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመች ሴት ካልጠረጠረች ምን ልትሠራ ነው? እንባውን እያፈሰሰ «የእናቴ ማስታወሻ ነው» ብሎ ያመጣልኝን ቀለበት ድንጋዩ ላይ አሽቼ አሲድ ጠብ ሳደርግበት አረንጓዴ ሲሆን ስንቴ አይቻለሁ። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ፣ ቀለበቱን ኪሱ ከትቶ፣ ወደሚቀጥለው ወርቅ ቤት ነው የሚሄደው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከፋቲሃ ቀጥሎ ነው ያስተማረኝ። ሱቁን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ እኩል ትቶልን ሲሄድም ከዚህች ሌላ ምክር አልተወልንም።

ስለዚህ እናቴ አንድ ጁምዓ ከምሳ በኋላ «ጀልባ ግዙልኝ» ስትል መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሷን እናቴን ነው።

«ምን?» አልኳት።

«ጀልባ። ሞተር ያለው። ቤተሰብ የሚይዝ።»

እናቴ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ከዶሮ ማነቂያው ቤታችን እስከ አስፋልቱ ለመውጣት እንኳ መንገድ ላይ የምታርፍ ሴት ናት። ውሃ የምታውቀው በባልዲ ነው። ትኩሳት ይዟት እንደሆነ ብዬ ግንባሯን ዳበስኩት።

«እጅሽን አንሺ!» አለችኝ። «አባታችሁ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ያቺን ቁራሽ መሬት የገዛው ለምን ይመስላችኋል? ማንጎ ለመትከል? ልጅ የልጅ ልጁን ሰብስቦ ውሃ ላይ ሊያንሸራሽር ነበር። አልደረሰም። እሱ ከሞተ ወዲህ እናንተ የምትተያዩት ባንኮኒ ላይ ነው፣ ያውም እንደ ሻጭና እንደ ገዢ። አንድ ትሪ ላይ ሳስቀምጣችሁ አንዳችሁ ስልክ ተደወለልኝ ብላችሁ ትነሳላችሁ። ጀልባ ላይ ግን ተነስቶ መሄድ የለም።»

ወንድሜ ከትሪው ማዶ ተቀምጦ ዝም አለ። ዝም ማለት ልማዱ ነው። ሚስት አላገባም፣ እዚያው አሮጌው ቤት ከእማዬ ጋር ይኖራል። እኔ ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ሆዱን የማላውቀው ሰው ደግሞ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ብሩን እማዬ ከየት እንዳመጣችው አትጠይቁኝ። እኔም ጠይቄ አልተነገረኝም። «ለእናንተ ያስቀመጥኩት ነው» ብላ ዘጋችው። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር በልቤ ቆረጥኩ፦ ወንድሜ በእናቴ ጀልባ ላይ አንዲት ሳንቲም ኮሚሽን ከበላ፣ ወላሂ፣ ሱቁን እካፈለዋለሁ። አባዬ ያቆመው ሱቅ መሃል ላይ ግድግዳ አቁሜ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ። ቀልድ አልነበረም። ግንበኛውን እንኳ አስቤ ነበር።

ከዚያ ወንድሜ በሳምንቱ መጥቶ «እታለም፣ ጀልባ አግኝቻለሁ» አለኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ።

«የት?»

«ከጊዮርጊስ ጀርባ። አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ።»

«ደላላው ማነው?»

«ደላላ የለውም።»

ደላላ የሌለው ሽያጭ! በዚህ ከተማ! እዚህ አገር ሚስት በደላላ፣ ቤት በደላላ፣ የቤት ሠራተኛ በደላላ ነው የሚገኘው። ደላላ የለውም ከተባለ ደላላው የሚናገረው ሰው ራሱ ነው ማለት ነው። ነቄ ነኝ እኔ! «እሺ፣ እንየው» ብቻ አልኩት።

ሄድን። ግቢው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብዙም አይርቅም። የቆርቆሮ በሩን ሲከፍቱልን የሽማግሌው ውሻ እንደ ጉድ እየጮኸ መጣና እኔን ሊነክሰኝ ምንም አልቀረው። ወንድሜ ጋ ሲደርስ ግን ጭራውን ቆላለት፤ እጁን ላሰው። ሽማግሌው ደግሞ ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው «እንደምን ዋልክ፣ የኔ ልጅ» ብለው ጨበጡት። ሱብሃነላህ! ሰው ይዋሻል፣ ውሻ ግን መዋሸት ከየት ይማራል? እነዚህ ሰዎች ይተዋወቃሉ አልኩ በልቤ። ይተዋወቃሉ፣ እኔ ፊት ግን እንደማይተዋወቁ ይሆናሉ።

ሽማግሌው የድሮ ባህር ኃይል ናቸው። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጢማቸው የተላጨ፣ ንግግራቸው ትእዛዝ። ጀልባው በተጎታች ጋሪ ላይ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ሸራውን ሲገልጡት ነጭ ነው፤ ነጭ የነበረ ማለት ይሻላል። ፀሐይ አደብዝዞታል። ስድስት ሰው ይይዛል። መቀመጫው ደረቅ ጣውላ ነው። ጎኑ ከፍ ያለ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ሰፋፊ እርከን ያለው መወጣጫ አለው። ወንድሜ ያንን መወጣጫ እየነካካ «ለእማዬ ጉልበት እኮ ጥሩ ነው፣ እታለም» አለ። ሻጭ ይመስል።

በቀለበቴ ጎኑን ኳ ኳ አደረግኩት። አሸተትኩት። ውስጡ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለት የእንጨት መቅዘፊያዎች ከጎን ታስረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቅዘፊያ» አሉ ሽማግሌው።

«ሞተር አለው አይደል እንዴ? መቅዘፊያ ምን ያደርግለታል?»

«ሞተር ይቆማል፣ ልጄ።»

አያችሁልኝ? ሰውዬው የራሱን ሞተር አያምነውም! እኔ ሻጭ ነኝ፤ ወርቄን «ምናልባት ካልሆነ» ብዬ ሸጬ አላውቅም። እሺ፣ አልኩ፤ እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። «ሞተሩን ያስነሱልኝና ልስማው።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይሄ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው ውሃ ነው። በደረቁ ካስነሳሁት ውስጡ ያለችው የጎማ ፓምፕ ትቃጠላለች። በርሜል ሞልቼ፣ እዚያ ውስጥ ነክሬው ነው የማስነሳልሽ። ዛሬ ውሃ የለም። የሰፈራችን ተራ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ነይ።»

«ማክሰኞ ባይመጣስ?»

«ዓርብ።»

«ዓርብም ባይመጣ?»

«ያኔ እኔን ሳይሆን ቧንቧውን ጠይቂ» አሉና ሸራውን መልሰው አለበሱት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መኪና ልግዛ ብዬ ሄጄ ሻጩ «ዛሬ አላስነሳም፣ ማክሰኞ ነይ» ቢለኝ ምን እላለሁ? ማክሰኞ ድረስ ሊያስጠግነው ነው እላለሁ። ውሃ ጠፋ ማለት ደግሞ እዚህ ሰፈር ለሁሉም ነገር የሚበቃ ሰበብ ነው። ስንወጣ ወንድሜን «ሽማግሌህ ሸውዶሃል፣ ወይ አብራችሁ ልትሸውዱኝ ነው» አልኩት።

«እውነታቸውን እኮ ነው። በደረቁ አይነሳም» አለ።

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የጀልባ ሞተር አዋቂ የሆንከው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው ነግሮኝ ነው» ብሎ እርምጃውን አፈጠነ። ማነው ሰውዬው? የት ነው ያገኘው?

ከዚያ ወዲህ እጠብቀው ጀመር። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሱቅ የሚገባው አርፍዶ ነው። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ዓይኑ ፍም መስሏል። አጠገቤ ሲያልፍ የበረኪና ሽታ ይሸተኛል።

«የት ነበርክ?»

«ገላዬን ታጥቤ ነው።»

የት ታጥቦ? እማዬ ቤት ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ በጀሪካን ነው የሚኖሩት። ማክሰኞም ሐሙስም ቅዳሜም የሚታጠብበት ውሃ ከየት መጣ? ሌላ ቤት አለው አልኩ። በኮሚሽኑ ቤት ተከራይቷል። ሴት ይዟል። ዓይኑስ? ያ ረቢ፣ መጠጥ ጀምሮ ይሆን? በበረኪና የሚታጠብ ምን ዓይነት ቤት ነው? ቡና አፍልቼ ሳልጠጣው በረደ፤ ይሄን ሁሉ እያሰብኩ። ለእማዬ ልነግራት ሄድኩና «እሱ ልጅ የት ነው የሚያመሸው፣ የት ነው የሚያነጋው?» ስላት፣ መቁጠሪያዋን እያንቀሳቀሰች «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እሷም እያወቀች አልነገረችኝም ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ። በዚህኛው እንኳ አልተሳሳትኩም።

የዚያኑ ሳምንት የካዝናውን ቁልፍ ለወጥኩ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ካዝናው ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እኔ አንገት ላይ፣ አንዱ ወንድሜ ኪስ። ባለሙያ አስመጥቼ፣ እሱ በሌለበት፣ አስቀየርኩት። አዲሱን አንገቴ ላይ አሰርኩ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ገብቶ ካዝናው ፊት ተንበረከከ። ቁልፉን ሲያዞር ሰማሁት። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ባንኮኒውን እየወለወልኩ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና «እታለም፣ ክፈቺልኝ» አለኝ። ከፈትኩለት። በቃ። ጥፋተኛ ባይሆንማ ይጮህ ነበር አልኩ።

እኔ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ሳልመለስ ጀልባዬን በራሴ ደላላ አስፈለግኩ። ደላላው አፉ ቅቤ ነው፤ «ማዘርዬ፣ አንቺን የሚመጥን አለኝ» ብሎ ወደ አራት ኪሎ መውጫ አንድ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ወሰደን። እማዬን ታክሲ ውስጥ አስቀምጠን እኔና ወንድሜ ገባን።

ቀይ ጀልባ። ርዝመቱ ያው እንደ ነጩ፣ ሰው የሚይዘውም ያው ስድስት። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያበራል! መቀመጫው ስፖንጅ ያለው ቆዳ፣ ከፊቱ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ለፀሐይ የሚታጠፍ ጥላ። መወጣጫ የለውም፤ መቅዘፊያም የለውም። መቅዘፊያ ስለሌለው ደስ አለኝ። እንዲህ ነው በራሱ የሚተማመን ሻጭ!

«ሞተሩን አስነሱት» አልኩ።

ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ቁልፉን አውጥቶ ትንሽ አመነታ። «እዚሁ? በደረቁ?»

«እዚሁ! አስነሱት!» አልኩት። ደላላው «የማዘርን ቃል አታጥፍ» ብሎ ትከሻውን መታው።

ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ከአጥር ውጭ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሊያዩ መጡ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። «ጨምርበት!» አልኩ። ጨመረ። «ጨምርበት!» ወንድሜ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «አጥፋው! ኧረ አጥፋው! ይቃጠላል!» እያለ ወደ ቁልፉ ሮጠ። እኔ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። «ተው! ስማው እስቲ! የአንተ ሽማግሌ ይሄን ለምን አላሰማኝም?» ጎማ ጎማ ሸተተኝ። አሲድ ከርቀት የምትለይ አፍንጫ አለችኝ። «ምን ይሸታል?» ስል ደላላው «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ማዘርዬ፤ አዲስ ነገር ይሸታል» አለኝ። አመንኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ደላላ አምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን አመንኩት። ወንድሜን ላለማመን ስል።

ታክሲው ውስጥ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ወንድሜን አየችው። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። «አንቺ ታላቅ ነሽ፤ የመረጥሽውን ግዢ» አለችኝ። ገዛሁት።

ቢሾፍቱ የሄድነው አንድ እሑድ ነው። በተከራየነው መኪና ጀልባውን ከኋላ አስጎትተን፣ እማዬ ከፊት፣ ልጆቼና እኔ ከኋላ፣ ወንድሜ ሲነዳ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ አባዬ የተከላቸው ማንጎዎች አድገዋል። እማዬ አንዱን ግንድ ዳብሳ «ይኸው አመጣኋቸው» አለችው። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ወንድሜ ከመኪናው ኋላ ብርቱካንማ የነፍስ አድን ጃኬቶች አወጣና አደለ። ልጆቼና እማዬ ለበሱ፤ እሱም ለበሰ። እኔ ጀልባው ጤነኛ ከሆነ ይሄ ምን ያደርጋል ብዬ ትራስ አድርጌ ተቀመጥኩበት። እማዬን መወጣጫ ስለሌለው በወንበር አንስተን፣ እኔ ከታች ገፍቼ፣ እሱ ከላይ ስቦ፣ እሷ ደግሞ «ዱቄት መሰልኳችሁ እንዴ!» እያለች አሳፈርናት።

ሞተሩ ተነሳ። ወንድሜን «ይኸው! የታለ የተቃጠለው?» አልኩት። እሱ ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ጎን ያያል። «ከዚህ በኩል ቀጭን ውሃ መውረድ ነበረበት» አለ። «አይወርድም።»

«ያንተ ነገር መቼም!» አልኩት።

ልጆቼ ሙዚቃ ከፈቱ። ነፋሱ ሻሼን አነሳው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እማዬ ትስቃለች። ወንድሜ እንኳ ጥርሱን አሳየ። ከዳር ርቀን ወደ መሃሉ ስንገባ ሞተሩ ጢ ጢ ጢ እያለ መጮህ ጀመረ። የጎማ ሽታው መጣ፤ ያው ግቢው ውስጥ የሸተተኝ። ቀጥሎ ጭስ። ቀጥሎ ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠና ፀጥ አለ።

ሙዚቃው ብቻ ቀረ። ትንሿ ልጄ እጇን ሰዳ አጠፋችው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በዚህ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ነፋሱ ከእኛ ማንጎዎች አርቆ ገደል ወዳለበት ወደ ማዶው ይገፋን ጀመር። እዚያ ድንጋዩ ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ መውረጃ የለውም። ወንድሜ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ምንም። በእጃችን ውሃውን ልንገፋ ሞከርን። ምን እናድርግ? መቅዘፊያ የለንም። መቅዘፊያው ጊዮርጊስ ጀርባ ነው ያለው።

«ማን ሸወደኝ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ መልሱ መጣልኝ። ማንም። ልጁ እዚሁ በደረቁ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አስነሳ ያልኩት እኔ፣ ጨምር ያልኩት እኔ፣ አጥፋው ያለውን ሰው ክንድ የያዝኩት እኔ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የጠረጠረውስ? እሱን አባዬ አልነገረኝም።

ወንድሜ ጫማውን አወለቀ። ከፊት ያለውን ገመድ ፈታና ደረቱ ላይ አሰረ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ያ ከማንጎዎቹ አጠገብ ያለው የእንጨት መቆሚያ ይታይሻል? እዚያ ድረስ ስቤያችሁ እሄዳለሁ። እዚያ ከደረስን ነፋሱ ወደ ገደሉ አይወስደንም።»

«አብደሃል? ዋና አትችልም እኮ!» ጃኬቱን ይዤ ጎተትኩት። «እማዬ፣ ንገሪው! ዋና አይችልም!»

«ልቀቂው» አለች እማዬ።

ገባ። ጮህኩ። ሐይቁ ዳር ሁሉ ሰምቶኛል። ውሃው ውጦት ነበር፤ ብቅ አለ። ብርቱካንማው ጃኬት፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ክንዱ። ገመዱ ተወጠረ። ጀልባው በጣም ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ እሱ አዞረ። ወንድሜ ይዋኛል! አልሳብ እንዳለች ላም ነበር ጀልባው፤ እሱ ግን አልተወም። እየሳበ ያርፋል፣ በጀርባው ተኝቶ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይስባል።

«ከመቼ ወዲህ?» አልኳት እማዬን።

«አምና ድስት ውስጥ ቢገባ ይሰምጥ ነበር» አለች መቁጠሪያዋን እያየች። «ጀልባ ከመግዛታችን በፊት እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ዋና የማይችል ሰው የልጅ ልጆቼን ውሃ ላይ አያወጣልኝም አልኩት። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለው ሆቴል ገንዳ ውስጥ እነዚያ ሽማግሌ ናቸው ያስተማሩት፤ ጠዋት ጠዋት እሱ በታክሲ እየወሰደ እየመለሳቸው።»

በረኪናው። ዓይኑ። እርጥብ ፀጉሩ። ውሻው። ሁሉም ባንዴ ገባኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትይ ነበር?»

«ጀልባው የማይሰምጥ ከሆነ ዋና ምን ያደርጋል? የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል» ብዬ በዚያች ጀልባ አልሳፈርም ነበር። እማዬ ይሄን ታውቃለች። እኔን ውሃ ላይ ለማውጣት ልጇን ሁሉ ነገር አስደብቃዋለች፤ እሱም ስድቤን ሁሉ ውጦ ተሸክሞላታል።

መቆሚያው ጋ ደርሶ ወጣ። ከዚያ ተቀምጦ፣ እግሩን እንጨቱ ላይ ተክሎ፣ ገመዱን እየጠቀለለ ሳበን። ሰዎችም ደረሱለትና ልጆቼን፣ እማዬን፣ መጨረሻ ላይ እኔን አወጡን። እማዬን ወደ ማንጎዎቹ ይዘዋት ሄዱ። እኔ እዚያው እንጨቱ ላይ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሻሼን አውልቄ ፀጉሩን አደረቅኩለት፤ ልጅ ሳለ እንደማደርገው፣ በኃይል።

«ኧረ ቀስ!» አለ።

«ዝም በል!»

ከዚያ በራሱ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። «መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ መንሳፈፍ ነው» አለ። «ከዚያ ሰው ማውጣት። ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ የሚሰምጠው ሰው ካመነሽ ቀላል ነው፤ ከፊቱ ሄደሽ እጁን መያዝ ነው። ካላመነሽ ግን አንቆሽ ይዞሽ ይወርዳል። እንደዚህ ያለው ከኋላ ነው የሚያዘው። ሳያይሽ ዞረሽ መጥተሽ፣ በብብቱ ሥር እጅሽን አስገብተሽ፣ እየተራገጠብሽ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ከኋላ የሚያዘው በጣም ከባድ ነው፣ እታለም። ብዙ ውሃ ጠጥቼበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሱን ተማርክ? እማዬ እንደሆነች እጇን ትሰጥሃለች። ልጆቹም ይሰጡሃል።»

የእጅጌውን ውሃ ጨመቀ።

«ቁልፌ አልዞር ያለ ቀን ነው እሱን አስተምሩኝ ያልኳቸው» አለ።

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ማሰሪያው ፀጉሬ ውስጥ ተጠላልፎ ስጎትተው ፀጉሬን ነቀለኝ፤ አላቆምኩም። ቁልፉን እርጥብ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። አየው። «አንድ ብቻ ነው እንዴ? አንቺ ጋ ይቆይ እንጂ፣ እኔ እርጥብ ነኝ» አለኝ፤ እልኸኛ።

«ያዘው አልኩህ! ያዘው!» ብዬ ጮህኩበት። እያለቀስኩ ነበር የምጮኸው። ጨበጠው።

ከማንጎው ሥር እማዬ «ኑ እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» ብላ ተጣራች። ሄደን አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። የወንድሜ እጅ በብርድ ደንዝዞ ጉርሻው ሁሉ ይፈስበታል። እኔ እየሰበሰብኩ አጎርሰዋለሁ፤ እሱም አፉን ይከፍታል። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። ደላላው ይሆናል። አላነሳሁትም።